መኪና ለማብረቅረቅ፦ የቱ ይቀድማል፣ የቱ ይከተላል?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንዲወጣ ኮሚቴው ወስኗል።)



የዛሬው ንግግሬ ስለ መኪና ቀለም ነው። አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ በማኅበር ስብሰባ ላይ የመኪና ቀለም ምን አመጣው?» ትሉ ይሆናል። ያመጣችሁት እናንተው ናችሁ። ሰሞኑን ለጽሕፈት ቤታችን ከደረሱት አቤቱታዎች ውስጥ ከውሃና ከቆሻሻ ጉዳይ ቀጥሎ የበዛው በመኪና አጣቢ ልጆቻችንና በባለመኪኖች መካከል የተነሣው ንትርክ ነው። ባለመኪናው «ከፈልኩ፤ መኪናዬም አበራ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ብርሃኑ የት እንደገባ አላውቅም፤ ልጆቹ አታለሉኝ» ይላል። ልጆቹ ደግሞ «እኛ ‹አብሩልኝ› ተባልን፣ አበራን፤ ለስንት ጊዜ ነው ብሎ የጠየቀን የለም» ይላሉ። ኮሚቴው ሁለቱንም ወገን ተራ በተራ ሰምቷል። ከሁለቱም ወገን ውሸት የተናገረ የለም። ጠቡ የመጣው ሥራቸው የተለያየውን ጠርሙሶች ሁሉ «ፖሊሽ» እያልን በአንድ ስም ከመጥራታችን ነው።

እኔ ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አልዘለለም። ኬሚስትሪ ላስተምራችሁ አይደለም የቆምኩት። ነገር ግን ከጉርምስናዬ ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ፣ ቀለም ቤት፣ ስቱኮ ስፍቅና ቀለም ስረጭ የኖርኩ ስለሆነ ኮሚቴው «አንተ አስረዳ» ብሎኛል። የማውቀውን በአጭሩ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

በሰፈራችን መኪና ያለው ሁሉ ሀብታም እንዳልሆነ እናውቃለን። አንድ ሚኒባስ የስንት ቤት እንጀራ ነው፤ ባለንብረቱ፣ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ አጣቢው ይበላበታል። አሮጌ ቮልሱን እንደ ልጅ የሚንከባከብ ጡረተኛ አባትም አለን። በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ግድ ሆኗል።

ቀለም ደግሞ ለጌጥ ብቻ የተቀባ አይደለም፤ የላሜራው ልብስ ነው። ልብሱ ሲሳሳ ውሃ ይገባል፣ ውሃ ሲገባ ይዝጋል፣ ከዛገ በኋላ ቆርጦ መበየድ ይመጣል። ቆርጦ መበየድ የስንት ወር ገቢ እንደሚበላ የደረሰበት ያውቀዋል። ልጆቻችንም ቢሆኑ በዚያ ላቫጆ ላይ ቤተሰብ ይረዳሉ። ባለመኪናው እምነት አጥቶ ሌላ ሰፈር ሄዶ ቢያሳጥብ የሚጎዳው ማን ነው? እኛው ነን።

ቀለሙ ምን ያህል ውፍረት አለው?

ከፋብሪካ የወጣ የዘመኑ መኪና ቀለሙ ድርብርብ ነው። ከታች፣ ከላሜራው ቀጥሎ፣ የዝገት መከላከያው አለ፤ በላዩ ማስተካከያው፤ በላዩ ነጭ፣ ቀይ፣ ብርማ የምንለው ዋናው ቀለም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀለም የሌለው፣ እንደ መስታወት የሚያሳልፍ ሽፋን። ይህን የመጨረሻውን ሽፋን ባለሙያዎች ክሊር ይሉታል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው። ማይክሮን ማለት አንድ ሚሊሜትር ለ1000 ሲካፈል ነው። በጽሕፈት ቤታችን ያለው ተራ ወረቀት ውፍረቱ 100 ማይክሮን ገደማ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የመኪናችሁ ቀለም ከነዝገት መከላከያው አንድ ወረቀት ወይም አንድ ተኩል ወረቀት ያህል ነው ማለት ነው! ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ስለሆነ የወረቀት ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ቢሞላም ከዚያ አያልፍም።

ፀሐይን የሚመክትልን ይህ ክሊር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነን። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቀለም የሚያነጣው የማይታየው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ አይጎዳም ማለት ስሕተት ነው። በአገራችን የመኪና ጣራና ኮፈን ቀድሞ የሚነጣው ለዚህ ነው።

አሮጌዎቹ መኪኖች፣ እነ ቮልስ፣ ብዙዎቹ ክሊር የላቸውም። ለማወቅ ቀላል ነው። በማይታይ ቦታ ላይ ነጭ ጨርቅ በጥቂት ፖሊሽ ነክራችሁ ፈተግ አድርጉ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም፤ የምትፍቁት ራሱን ቀለሙን ነው። ጨርቁ ቀለም ካልያዘ ክሊር አለው። ይህን ሳያጣሩ ሥራ መጀመር አይገባም።

ብርሃኑ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው መኪና የሚያበራው ከላይ በሚቀባው ነገር ይመስለዋል። የረጋ ኩሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፊታችሁን ታዩበታላችሁ። ድንጋይ ሲጣልበት ፊታችሁ ይበታተናል፤ ውሃው ግን ያው ውሃ ነው። ቀለምም እንዲሁ ነው። ፊቱ ልስልስና ንጹሕ ሲሆን ብርሃኑን እንዳለ ይመልሳል። ጭረትና ቆሻሻ ሲበዛበት ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ያን ጊዜ «ደበዘዘ» እንላለን። ፀሐይ ላይ ስትቆሙ እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ እየሆነ የሚታየው አሸዋ ባለው ጨርቅ ከመታጠብ የመጣ ጭረት ነው።

ስለዚህ ብርሃን የሚሠራው ከታች ነው። ከላይ የሚቀባው ወይ ጭረቱን ይሸፍነዋል፣ ወይ የተሠራውን ይጠብቀዋል። በመሸፈንና በመጠበቅ መካከል ያለው ልዩነት ነው እኛን ያጣላን።

አራቱ ጠርሙሶች

በሱቅ የሚሸጡትን ነገሮች በስማቸው ሳይሆን በሥራቸው ለዩአቸው። የሚፍቅ አለ፣ የሚሞላ አለ፣ የሚቆልፍ አለ፣ የሚያስጌጥ አለ።

1ኛ/ የሚፍቀው ፖሊሽ ነው። ውስጡ በጣም የደቀቀ ሞረድ አለበት፤ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ዱቄት አድርጋችሁ አስቡት። የጭረቱን ጫፍ ዝቅ አድርጎ ፊቱን ያስተካክላል። እውነተኛ ብርሃን የሚያመጣው እርሱ ነው። ዳሩ ግን በተጠቀምን ቁጥር ከዚያ ከግማሽ ወረቀቱ ትንሽ ይወስዳል፣ የወሰደውንም አይመልስም። በየወሩ በፖሊሽ የሚፋቅ መኪና በጥቂት ዓመት ክሊሩ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው መድኃኒት እንደገና መቀባት ብቻ ነው።

2ኛ/ የሚሞላው ግሌዝ ይባላል። ዘይትና መሙያ አለበት። የደቃቃውን ጭረት ጉድጓድ ይሞላና ፊቱ ልስልስ መስሎ እንዲታይ ያደርጋል። ቀለሙንም እንደ ረጠበ ድንጋይ ያጠቁረዋል፣ ያወዛዋል። ደስ ይላል! በተለይ በጥቁር፣ በቀይና በጥቁር ሰማያዊ መኪና ላይ፣ ወይም ክሊር በሌለው በደረቀ አሮጌ ቀለም ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ነጭ መኪና ላይ ግን እምብዛም ነው። ንጹሕ ግሌዝ ፀሐይም ዝናብም አይከላከልም፤ ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ ይሄዳል። ባለመኪኖቻችን «የት ገባ?» ያሉት ብርሃን አብዛኛው ይኸው ነው።

3ኛ/ የሚቆልፈው ሲላንት ይባላል። ፋብሪካ የሠራው፣ ፕላስቲክ መሰል ኬሚካል ነው። ከቀለሙ ጋር ይያያዝና ሲደርቅ በጣም ስስ ሽፋን ይሆናል። ውሃ ያንሸራትታል፣ ቆሻሻ ቶሎ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። በደንብ ከተሠራ ከ3 እስከ 6 ወር ይቆያል። ጭረት ግን አይሞላም። ጭረት ባለበት ላይ ቢቀባ ጭረቱን እንዳለ ነው የሚቆልፈው።

4ኛ/ የሚያስጌጠው ሰም ነው። ከሰሞቹ ስመ ጥሩው ካርናውባ የሚባለው ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ይገኛል። የሚቀልጠው ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ከንብ ሰም ይልቅ ሙቀት ይችላል። ለቀለም ጥልቀትና ሙቀት ያለው መልክ ይሰጠዋል፤ መከላከልም ይከላከላል፤ ግን ዕድሜው ከ1 ወር እስከ 2 ወር ነው። በቅኔ ሰሙ ከላይ፣ ወርቁ ከውስጥ እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ በመኪናም ሰም ቦታው ከሁሉ በላይ ነው፤ ከሥሩ መግባት የለበትም።

አንዳንድ ጠርሙስ ደግሞ ሁለት ሦስቱን ሥራ ደባልቆ ይሠራል። ይህን ለማወቅ ጀርባውን ማንበብ ነው። ማንበብ ለሚከብደው የሚያነብ ልጅ በየቤቱ አለ።

ቅደም ተከተሉ

ሊስትሮ ተመልከቱ። መጀመሪያ ጭቃውን ያራግፋል፣ በሳሙና ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ቀለሙን ይቀባል፣ በብሩሽ ይመታል፣ በመጨረሻ በጨርቅ ያበራል። ጭቃው ላይ ቀለም የሚቀባ ሊስትሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የአሥር ዓመት ልጅ የሚያውቀውን ሥርዓት እኛ በመኪና ላይ እንረሳዋለን።

መጀመሪያ ጥላ ቦታ ላይ፣ ቀለሙ ሲቀዘቅዝ፣ ከላይ ወደ ታች ይታጠባል። ባልዲ ሁለት መሆን አለበት፤ አንዱ ሳሙና ያለው፣ አንዱ ጨርቁ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውሃ። አንድ ባልዲ ብቻ ከሆነ ከጎማው ሥር ያነሣነውን አሸዋ መልሰን ኮፈኑ ላይ እንፈጭበታለን። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ይደርቃል።

ቀጥሎ ቀለሙ ይዳሰሳል። እጃችሁን በስስ ላስቲክ ሸፍናችሁ በታጠበው ቀለም ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሂዱት። እንደ አሸዋ የሚቆረቁር ከሆነ የብረት ብናኝና የመንገድ ቆሻሻ ተሰክቶበታል። ይህ በሳሙና አይወጣም። ለዚህ የተሠራ እንደ ሊጥ የሚለሰልስ የማጽጃ ሸክላ አለ፤ በሳሙና ውሃ እያረጠባችሁ ሳትጫኑ ታንሸራትቱበታላችሁ። መሬት ከወደቀ ይጣላል፤ ያነሣው አሸዋ ቀለሙን ይቧጭራልና።

ከዚያ አስፈላጊ ከሆነ ብቻ በፖሊሽ ይፋቃል። በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ያልተጫረን መኪና ባይፋቅ ደግሞ ይመረጣል።

እስካሁን አንድ መንገድ ነው። ከዚህ በኋላ መንገዱ ይከፈላል፤ ልብ ብላችሁ አድምጡኝ።

ዕድሜ የሚፈልግ ሰው ወደ ሲላንት ይሂድ። ሲላንት የሚይዘው ባዶ ቀለም ሲያገኝ ነው። ዘይት በነካው የኩሽና ግድግዳ ላይ ቀለም ብትቀቡ ይላጣል አይደል? ሲላንትም በግሌዝ ዘይት ላይ ሲቀባ እንዲሁ ነው፤ የሚይዘው ዘይቱን እንጂ ቀለሙን አይደለም። ዘይቱ ሲሄድ ተያይዘው ይሄዳሉ። ፖሊሽም ዘይት ይተዋል፤ ስለዚህ ከፖሊሽ በኋላ ውሃው የሚበዛበት የአልኮልና የውሃ ቅልቅል በጨርቅ እያረጠባችሁ ጥረጉት። አዲስ የተቀባ መኪና ላይ ግን ይህን አታድርጉ። ከዚያ ሲላንቱን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ለአንድ ፓራፋንጎ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጠብታ አንድ ሁለት ብትሆን ነው። ጠርሙሱ ቶሎ የሚያልቀው ስናበዛው ነው፤ ትርፉ ደግሞ ተጠርጎ ጨርቅ ላይ ይቀራል፣ መኪናው ላይ አይቆይም። ደረቀ አልደረቀም ለማወቅ በጣት ጫፍ ጠረግ አድርጉት፤ ጥርት ብሎ ከለቀቀ ደርሷል፤ ከተለቀለቀ ጠብቁት።

ለአንድ ቀን ድምቀት የሚፈልግ ሰው፣ ለሠርግ ወይም ለበዓል፣ ወደ ግሌዝ ይሂድ፤ በላዩም ሰም ይደረብ። ሰም ራሱ ቅባትነት ስላለው ከግሌዝ ዘይት ጋር አይጣላም፤ እንዲያውም ዘይቱን ለጥቂት ጊዜ አፍኖ ያቆይለታል። ይህ ነውር የለበትም። ዕድሜው ግን የሳምንታት መሆኑን ሁለቱም ወገን አስቀድሞ ይወቅ።

«ሁለቱንም እፈልጋለሁ» የሚልም አለ። ይቻላል። ያን ጊዜ ሲላንቱ ይቀድማል፤ አንድ ቀን አድሮ ይጠነክራል፤ በማግሥቱ ሞረድ የሌለበት ግሌዝ ስስ ተደርጎ ይቀባል፤ በመጨረሻ ሰም። ግሌዙ ሞረድ ካለበት ግን ትናንት የተቀባውን ሲላንት ፍቆ ያነሣዋል፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ አንዱ በሌላው ላይ እንዲቀባ ተብለው የተሠሩም አሉ፤ በእነርሱ ላይ የጠርሙሱ ጽሑፍ ይበልጣል።

ስንት ጊዜ ይደረብ?

አንዳንዱ አምስት፣ አሥር ጊዜ የተደረበ መኪና እንደ መስታወት ይሆናል ይላል። እስቲ ነገሩን እንመርምረው። ሲላንት ሁለት ጊዜ መቀባቱ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው እጃችን ሳይነካው ያለፈ ቦታ አይጠፋም፤ ሁለተኛው ያንን ይሸፍናል። በሁለቱ መካከል ግን ጊዜ መስጠት ያሻል፤ ብዙዎቹ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይፈልጋሉ። ቶሎ ከተደረበ በአዲሱ ውስጥ ያለው ማሟሚያ የቀድሞውን ያላላዋል። ከሁለትና ከሦስት በላይ ቢደረብ በዓይን የሚታይ ለውጥ አይገኝም፤ ገንዘብና ጉልበት ማባከን ነው። በአሥር ድርብ ሲላንት ያልጠፋ ጭረት በአሥራ አንደኛውም አይጠፋም።

ጊዜውንም ምረጡ። የእኛ አገር አመቺ ወቅት ሁለት ነው፤ አንዱ ክረምት ከመግባቱ በፊት ግንቦት ላይ፣ ሁለተኛው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጥቅምት ላይ። ሲላንት በተቀባ ዕለት መኪናው ዝናብና ጤዛ የማይነካው ቦታ ይደር።

የምንተዋቸው ልማዶች

አንደኛው ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ በጨርቅ ነክሮ መኪና መጥረግ ነው። ያበራል፤ ለምን ያበራል? ልክ እንደ ግሌዝ ጭረቱን ለጥቂት ሰዓት ስለሚሞላው ነው። ወዲያው ደግሞ አቧራ ይስባል፤ ያ አቧራ በማግሥቱ ሲጠረግ አዲስ ጭረት ይሆናል። የነበረውንም ሰም ያሟሟዋል።

ሁለተኛው በልብስ ዱቄት ሳሙና ማጠብ ነው። የልብስ ሳሙና የተሠራው ቅባት ለማስለቀቅ ነው፤ ሰምም ቅባት ነው። ትናንት ሰም ቀብቶ ዛሬ በልብስ ሳሙና ማጠብ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሣት ነው። ለመኪና የተሠራ ሳሙና አለ፤ ከታጣ በንጹሕ ውሃ ብቻ ደጋግሞ ማፍሰስ ይሻላል።

ሦስተኛው የደረቀ አቧራን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው። ከተማው ሁሉ ግንባታ ላይ ነው፤ የሚያርፍብን አቧራ ሲሚንቶና የድንጋይ ብናኝ አለበት። ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው ይጠነክራል። ስለዚህ ሳይቆይ ብዙ ውሃ አፍስሶ ማስለቀቅ እንጂ መፈተግ አይገባም። የወፍ ኩስም እንዲሁ ነው፤ ፀሐይ ሳይጠብሰው በእርጥብ ጨርቅ አለስልሶ ማንሣት ነው፤ ካደረ ክሊሩን ይበላል።

ለቀለም ሠራተኞችና ለገዢዎች

ጋራዥ ያላችሁ ወንድሞች ይህን ታውቁታላችሁ፤ ለሌሎች ስል ልናገር። አዲስ የተቀባ መኪና ላይ ወዲያው ሲላንት ወይም ሰም አይደረግም። ቀለሙ ውስጥ የቀረው ማሟሚያ ተንኖ መውጣት አለበት። እንደ ቀለሙ ዓይነት ከ30 እስከ 90 ቀን ይጠበቃል። ግሌዝ መጀመሪያም በቀለም ቤት የተወደደው ለዚህ ነው፤ ሰምና ሲሊኮን የሌለበት ግሌዝ ቀለሙን ሳያፍን መኪናው አምሮ እንዲወጣ ያደርጋል። በሌላ በኩል ሲሊኮን ያለበትን ነገር ቀለም በሚረጭበት ቤት ውስጥ አትክፈቱ፤ ጥቂቱ እንኳ ላሜራው ላይ ካረፈ አዲሱ ቀለም እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ቀዳዳ ያወጣል።

መኪና የምትገዙ ደግሞ፣ ለሽያጭ የቀረበ መኪና እጅግ ሲያበራ አትቸኩሉ። ግሌዝ የተቀባ ሊሆን ይችላል። ኮፈኑን በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ተመልከቱት። ባለቤቱ አይታጠብም ካለ፣ ለምን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

ኮሚቴው ያቀረበው ሐሳብ

በመጨረሻ፣ ኮሚቴው ከላቫጆው ልጆችና ከባለመኪኖች ተወካዮች ጋር ተነጋግሮ የሚከተለውን ለጉባኤው አቅርቧል፦

1ኛ/ ልጆቹ ዋጋቸውን በየሥራው ለይተው ይለጥፉ፤ እጥበት ለብቻ፣ ግሌዝና ሰም ለብቻ፣ ሲላንት ለብቻ፣ ፖሊሽ ለብቻ።

2ኛ/ የተቀባው ነገር ዓይነትና ቀኑ በትንሽ ካርድ ተጽፎ ለባለመኪናው ይሰጥ። ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ በቃል ይነገረው።

3ኛ/ ባለመኪኖች በእጥበት ዋጋ የፖሊሽ ሥራ አይጠይቁ። አንድ መኪና በሥርዓት አጥቦ፣ አጽድቶ፣ ፍቆ፣ ሲላንት መቀባት የአንድ ቀን ሙሉ ሥራ ነው። «ቶሎ በል፣ ሥራ አለብኝ» የሚል ሰው የሚያገኘው ግሌዝ ነው።

4ኛ/ የባለቤቱ ፈቃድ ሳይኖር በማንም መኪና ላይ ፖሊሽ አይደረግ። ክሊሩ የባለቤቱ ንብረት ነው፤ አንዴ ከተፋቀ የሚተካው የለም።

5ኛ/ ማኅበሩ ከመዋጮው ለልጆቹ ባልዲዎችና ለስላሳ ጨርቆች ይግዛላቸው፤ እነርሱም በየወሩ ከገቢያቸው ቀስ እያሉ ይመልሱ።

በወሬ ብቻ እንዳይቀር ደግሞ አንድ ፈተና አዘጋጅተናል። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በላቫጆው የአንድ ሚኒባስ ኮፈን መሐሉ ላይ ወረቀት ፕላስተር ተለጥፎ ለሁለት ይከፈላል። ግራው ግሌዝና ሰም ይቀባል፤ ቀኙ ሲላንት ይቀባል። በዕለቱ ምናልባት ግራው ይበልጥ ያማረ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ሚኒባሱ እንደ ወትሮው ሥራውን ይሠራል፣ አቧራውንም ዝናቡንም ይቀበላል፣ በየሳምንቱ ይታጠባል። ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ቦታ ተሰብስበን ውሃ እናፈስበታለን። ውሃው በየትኛው ወገን ተንሸራቶ እንደሚሄድና በየትኛው ተንጣሎ እንደሚቀር ሁላችንም በዓይናችን እናያለን። ባለመኪኖችም አጣቢዎችም ኑ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም «አታለልከኝ» አይልም።



የማኅበሩ ጸሐፊ